ለጥንዶች ቴራፒስቶች የተዘጋጀ የአንድ ዓመት የርቀት ትምህርት፦ ያተረፍሁበትና የጎደለብኝ

ከጥንዶች ጋር በሳይኮአናሊሲስ መንገድ (ሰው ሳያውቀው የሚመራበትን ስሜትና ሐሳብ በንግግር በሚመረምረው ሕክምና) ለሚሠሩ ቴራፒስቶች የተዘጋጀ የአንድ ዓመት የርቀት ተከታታይ ትምህርት በቅርቡ አጠናቅቄአለሁ። ይህን ግምገማ የምጽፈው ያንኑ ትምህርት ወይም መሰሉን ለመጀመር ለሚያስቡ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ የተቋሙን ስም አልጠቅስም። የዚህ ዓይነት ትምህርቶች በአሠራራቸው ስለሚቀራረቡ ስሙ መቅረቱ አንባቢን የሚጎዳው አይመስለኝም።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ትምህርቱ የከፈልሁትን ገንዘብና የሰጠሁትን ጊዜ የሚክስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የካሰኝ ግን ማስታወቂያው ባጎላው በኩል አልነበረም። ማስታወቂያው ስመ ጥር መምህራንንና ብዛት ያላቸውን የተቀረጹ ትምህርቶች ያስቀድማል። እኔ በሥራዬ ላይ ለውጥ ያየሁት ስድስት ሆነን በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት በምንገናኝበት የኬዝ ቡድን፣ ማለትም እያንዳንዳችን የምናያቸውን ታካሚዎች ጉዳይ (ኬዝ) እያቀረብን በምንወያይበት ቡድን ምክንያት ነው። በርቀት መማር ለዚህ ሙያ ይጠቅማል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰውም ይህንኑ ነው፦ ቡድኑ ትንሽ ከሆነ፣ ሰዓቱ ካልተለዋወጠ፣ መሪው ከጸና ይጠቅማል፤ እነዚህ ከጎደሉ ግን ሰው ሌላ ሥራ እየሠራ ከሚያዳምጠው ንግግር ብዙም አይሻልም።

ትምህርቱ 30 ሳምንታት ይወስዳል። በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በዙም እንገናኛለን፤ የመጀመሪያው 75 ደቂቃ 24ቱም ተሳታፊዎች አንድ ላይ ሆነን በንባብ ላይ የምንወያይበት ሲሆን፣ ከ10 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ያለው 65 ደቂቃ በአራት ቡድን ተከፍለን ኬዝ የምናቀርብበት ነው። በዓመቱ ውስጥ አራት ቅዳሜዎች ለእንግዳ መምህራን ንግግር ይመደባሉ፤ የንባብ ጽሑፎቹም ሳምንት አስቀድመው ይላካሉ። ይህን ሁሉ በዝርዝር ያነሣሁት፣ በእኛ ሙያ የሰዓቱና የቦታው አያያዝ ከይዘቱ የማይለይ በመሆኑ ነው። ለታካሚዎቻችን ማዕቀፉን፣ ማለትም የተወሰነውን ሰዓት፣ ቦታና ደንብ፣ የምንጠብቀው በከንቱ አይደለም፤ ለራሳችን በሚሰጥ ትምህርት ላይም ማዕቀፉ እንዴት እንደተያዘ መመርመር ይገባናል።

ተስፋን ልክ ለማስያዝ ያህል፣ ይህ ትምህርት ምን እንዳልሆነ ልናገር። የሳይኮአናሊሲስ ሥልጠና ከ1920ዎቹ የበርሊን ማዕከል ወዲህ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሦስት እግር የቆመ ነው፤ ሠልጣኙ ራሱ በአናሊሲስ ያልፋል፣ ልምድ ባለው ሰው ሱፐርቪዥን (የሙያ ክትትል) ሥር ታካሚዎችን ያያል፣ ንድፈ ሐሳቡንም በሴሚናር ያጠናል። በርቀት የሚሰጠው ተከታታይ ትምህርት የሚደርሰው ሦስተኛውን እግር ሙሉ በሙሉ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በከፊል ነው። የመጀመሪያውን አይነካውም፤ ተቋሙም ይህን አልደበቀም፤ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ትምህርቱ አስቀድመው ፈቃድ ላላቸውና በግል ሕክምና ላለፉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ እንጂ አዲስ ቴራፒስት የሚያወጣ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፎአል። ይህ ሐቀኝነት ከጅምሩ እምነት አሳድሮብኛል። በርቀት ፈጽሞ የማይሞከር ነገርም አለ። አስቴር ቢክ በ1948 በለንደን ታቪስቶክ ክሊኒክ የጀመሩት የሕፃናት ምልከታ፣ ሠልጣኙ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ወደ አንድ ሕፃን ቤት ሄዶ ለሁለት ዓመት ያህል ምንም ሳያደርግ የሚያይበት ነው። ያ ልምድ በአካል ተገኝቶ፣ የወተቱን ሽታና የክፍሉን ሙቀት ተካፍሎ የሚገኝ ስለሆነ በየትኛውም ካሜራ የሚተካ አይመስለኝም።

የንባብ ሴሚናሩ በጥሩ ሁኔታ የተሰናዳ ነበር። ትምህርቱ የተነሣው ሳይኮአናሊስቷ ሜላኒ ክላይን በ1946 ከጻፉትና ፕሮጀክቲቭ አይደንቲፊኬሽን የሚለውን ሐሳብ ካስተዋወቁበት ጽሑፍ ነው። ሰው ሊሸከመው ያልቻለውን የገዛ ስሜቱን ከራሱ አውጥቶ በሌላው ሰው ውስጥ ያኖረዋል፤ ከዚያም ያንን ሰው የስሜቱ ባለቤት አድርጎ ያየዋል፣ ይቆጣጠረዋል፣ ይጣላዋል። ከዚያ በስኮትላንዳዊው ሳይኮአናሊስት በፌርቤርን በኩል አልፈን የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሄንሪ ዲክስ በ1967 ስለ ትዳር ውጥረት ወዳሳተሙት ሥራ ደረስን። በዚህ ላይ አራት ሳምንት መቆየታችን ትክክል ነበር እላለሁ። ዲክስ እንደሚሉት ባልና ሚስት የሚተሳሰሩት በሦስት ደረጃ ነው፤ ካደጉበት ማኅበረሰብ ባመጡት እሴት፣ እያንዳንዳቸው ከትዳር አውቀው በሚጠብቁት ነገር፣ እንዲሁም ሁለቱም በማያውቁት ጥልቅ ትስስር። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚያገኘው ከልጅነቱ ጀምሮ ከራሱ ያራቀውን የራሱን ክፍል ነው። ስለዚህም መጀመሪያ የወደደው ነገር ኋላ የሚጣላበት ነገር ይሆናል። «ረጋ ያለ ሰው» ተብሎ የተመረጠው ባል ከዐሥር ዓመት በኋላ «ግዑዝ» ይባላል፤ «ሕይወት የሞላባት» የተባለችው ሚስትም «ዕረፍት የማትሰጥ» ትሆናለች። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ አንዱ በሌላው ላይ ያስቀመጠው አደራ ከበደው እንጂ። መምህራችን ይህን ያስረዱን ያነበብነውን በመድገም ሳይሆን፣ እያንዳንዳችን አሁን የምናያቸውን አንድ ጥንዶች በልባችን ይዘን «እያንዳንዳቸው ለሌላው ምን ይሸከሙለታል?» የሚለውን በአንድ አረፍተ ነገር እንድንጽፍ በማድረግ ነበር። ያቺን አረፍተ ነገር መጻፍ የሚታሰበውን ያህል ቀላል አይደለም።

የቅዳሜ ንግግሮቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ተናጋሪዎቹ ዕውቀት እንዳላቸው አያጠራጥርም፤ ሆኖም ለስድስት ሰዓት በማያ ገጽ ፊት ተቀምጦ ተንሸራታች ገጾች ሲነበቡ መስማት ማንንም አያስተምርም። ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ ስለነበረና አስተባባሪው መርጦ ስለሚያነብበው፣ ሐሳብ ከሐሳብ ሳይገናኝ ያልፍ ነበር። ከአራቱ አንዱን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ ሦስቱን ግን ኋላ ቀረጻውን እያቆምሁና እያስቀጠልሁ ባዳምጥ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የኬዝ ቡድኑ የሚከተለው ዘዴ የራሱ ታሪክ አለው። በ1948 በለንደን፣ ከጦርነቱ በኋላ የሚፈርሱ ትዳሮችን ለመርዳት ኢኒድ ባሊንት የመሩት አንድ አነስተኛ ቢሮ ተቋቋመ፤ ዛሬ ታቪስቶክ ሪሌሽንሺፕስ የሚባለው ተቋም ከዚያ የመጣ ነው። በዚያ ባለሙያዎች ኬዛቸውን እያቀረቡ የሚወያዩበትን መንገድ ኢኒድ ከባለቤታቸው ከማይክል ባሊንት ጋር ሆነው ለሐኪሞች አሰፉት፤ ብዙዎቻችን «የባሊንት ቡድን» የምንለው ይኸው ነው። በእኛ ቡድን አቅራቢው ማስታወሻ ሳያነብ ለ15 ደቂቃ ያህል ይናገራል፤ ከዚያ ካሜራው እንደተከፈተ ማይኩን ዘግቶ ሌሎቹ ሲወያዩ ለ20 ደቂቃ ያዳምጣል፤ በመጨረሻም ይመለስና ምን እንደሰማ ይናገራል። ይህ ሥርዓት በማያ ገጽ ላይ በአካል ከሚሆነው በላይ ይሠምራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዝም እንዲል የታዘዘ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሌሎቹ ዓይን ዓይኑን እያዩ ሐሳባቸውን ይቆጥባሉ፤ በማያ ገጹ ላይ ግን ማን ማንን እንደሚያይ ስለማይታወቅ ንግግሩ ነጻ ይሆናል።

በ11ኛው ሳምንት ተራው የእኔ ነበር። ያቀረብኋቸውን ጥንዶች ማንም እንዳይለያቸው አድርጌ ስለ ሁለቱ የምለው ይህን ብቻ ነው። ባልየው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ዐሥር ደቂቃ ቀድሞ ይመጣና በመተላለፊያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሚስቲቱ ዐሥር ደቂቃ አርፍዳ ትገባለች። እርሱ «አንድም ቀን ጠብቃኝ አታውቅም» ይላል፤ እርስዋ ደግሞ «ሁልጊዜ ቀድሞኝ ሄዶ አገኘዋለሁ» ትላለች። እኔም በመካከል ባለው ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሳላውቅ ወራት አለፉ፤ በሩን ከፍቼ ላስገባው ወይስ ሁለቱም እስኪሟሉ ልተወው? ይህን ከተናገርሁ በኋላ ማይኬን ዘጋሁ።

ውይይቱ ገና አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ሁለት ባልደረቦች በጽኑ ይከራከሩ ጀመር። አንዷ ሚስቲቱ በመዘግየት ሕክምናውን እያጠቃች ነው ሲሉ፣ ሌላው ደግሞ ቀድሞ መምጣትም ራሱ ቴራፒስቱን ለብቻ የመያዝ ሙከራ ነው አሉ። ሁለቱም እየተቋረጡ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ ቀጠሉ። በዚህ መካከል በማያ ገጹ ላይ አንድ ነገር አስተዋልሁ። የቀሩት ሦስት ሰዎች ማይካቸውን ዘግተዋል፤ አንዱ ደግሞ ካሜራቸውን አጥፍተው በስማቸው ፊደል ብቻ ቀርተዋል። የቡድናችን መሪ ይህን ጊዜ በዝግታ «ይቅርታ፣ አሁን በእኛ መካከል ምን እየሆነ ነው? ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፤ ሌሎቻችን መተላለፊያው ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን» አሉ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ካሜራቸውን ያጠፉት ባልደረባ ተመልሰው መጡና፣ ሁለቱ ሲከራከሩ በልጅነታቸው ወላጆቻቸው ሲጣሉ ከበር ውጭ ይቆሙ እንደነበረ ሳያስቡት ትዝ እንዳላቸው ተናገሩ። ያኔ እኔም ለወራት የተደናገርሁበት ነገር በራልኝ። እኔ ከሁለቱ ጋር በክፍሉ ውስጥ ሆኜ፣ በውስጤ ግን ከበር ውጭ የቆመ ልጅ ሆኜ ነበር የምሠራው። አሜሪካዊው ሳይኮአናሊስት ሃሮልድ ሲርልስ በ1955 እንደገለጹት፣ በታካሚና በቴራፒስት መካከል ያለው ነገር በሱፐርቪዥኑ ውስጥ ራሱን ይደግማል። ይህን ጽሑፍ ከዓመታት በፊት አንብቤዋለሁ፤ በዚያች ምሽት ግን ስድስት ትናንሽ ሳጥኖች ባሉበት ማያ ገጽ ላይ በዓይኔ አየሁት። ማይክ የመዝጋትና ካሜራ የማጥፋት ቁልፎች እኛን ከጥል የምንሸሽባቸው በሮች ሆነውልን ነበር። በአካል ተሰብስበን ቢሆን ኖሮ ሰው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይስብ ነበር፤ ምናልባትም ማንም አያስተውለውም።

በርቀት መማር የሚያጎድለው ነገር የለም እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ፍሮይድ በ1912 ለሐኪሞች ምክር ሲጽፉ፣ አናሊስቱን (በሳይኮአናሊሲስ የሚያክመውን ሰው) ከስልክ መቀበያ ጋር አመሳስለውት ነበር፤ የታካሚው ከንቃተ ኅሊና ውጭ ያለ ነገር በአናሊስቱ በኩል ያለውን መሰሉን እንደሚነካ ለማስረዳት ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከታካሚው ጀርባ የሚቀመጡበትን ምክንያት ሲገልጹ፣ በቀን ለስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ በሌሎች ሰዎች ዓይን መታየትን መታገሥ እንደማይችሉ በግልጽ ጽፈዋል። እነዚህን ሁለት ነጥቦች አብሬ አስባቸዋለሁ። ስልክ ያልነው ነገር አሁን ፊትን ጨምሮ መጣ፤ የምንሰማበት መሣሪያ የምንታይበትም ሆነ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስድስት ሰዎች ፊት ለፊት፣ ያውም የራሴን ፊት ጨምሮ፣ ያለማቋረጥ ያዩኛል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የራሴን ምስል ከፊቴ መሰወር ጀመርሁ፤ ያኔ ድካሜም ቀነሰ፣ ማዳመጤም ጠራ። ይህን የመሰለ ተራ ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ቢነግሩን ኖሮ መልካም ነበር።

ትምህርቱ ከሁሉ በላይ ሊመሰገን የሚገባው ስለ ርቀት የጥንዶች ሕክምና ባስተማረበት ክፍል ነው። ከ2020 ወዲህ ብዙዎቻችን ሳንዘጋጅ ወደ ማያ ገጽ ገባን፤ ከዚያም ልማድ ሆነና ሳንጠይቀው ቆየን። መምህራችን ግን ጥንዶቹ በአንድ ኮምፒዩተር ፊት መቀመጣቸውና ከየቤታቸው በየራሳቸው ማያ ገጽ መግባታቸው ሁለት የተለያዩ ሕክምናዎች እንደሆኑ አስረዱን። በአንድ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ እኛ ያያሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ ካሜራውን የሚያስተካክለው፣ ድምፁን የሚያሳድገው፣ «ይሰማል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንዱ ይሆናል፤ ያም በቤታቸው ውስጥ ማን ምን እንደሚሸከም ከመነሻው ይናገራል። አንዱ ከካሜራው ጠርዝ ውጭ ግማሽ ፊቱን አስቀርቶ ሲቀመጥ ያ ምልክት ነው። ከየራሳቸው ማያ ገጽ ሲገቡ ደግሞ እኩል መጠን ባላቸው ሁለት ሳጥኖች ውስጥ ስለሚታዩ፣ በክፍል ውስጥ የሚሰማኝ የአንዱ መግነንና የሌላው መኮሰስ ይደበቃል፤ በአንጻሩ ግን እያንዳንዳቸው የሌላውን ፊት ሳይሸሹ ለማየት ይገደዳሉ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ከማያቸው ጥንዶች አንዱን አቀማመጣቸውን እንዲለውጡ ጠየቅኋቸው፤ ኮምፒዩተሩን ራቅ አድርገው፣ እኔን ወደ ጎን እያዩኝ እርስ በርሳቸው በግማሽ ተያይተው እንዲቀመጡ ማለቴ ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ሚስቲቱ የባልዋ እጅ ሲንቀጠቀጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

በቤት ውስጥ ጥቃት ስለሚኖርባቸው ጥንዶች የተሰጠው ትምህርትም በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። በጥንዶች ሕክምና ሁለቱን አንድ ላይ ከመቀበል በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ መጠየቅ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ በርቀት ሲሆን ግን «ለብቻ» የሚለው ቃል ዋስትና የለውም፣ ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ አናውቅምና። ስለዚህ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ብቻ የሚመለሱ ጥያቄዎችን ማዘጋጀት፣ ታካሚው ንግግሩን ለማቆም የሚጠቀምበትን ተራ የሚመስል ቃል አስቀድሞ መስማማት፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጀመሪያ ታካሚዎቹ ያሉበትን አድራሻ መጠየቅና ባሉበት ቦታ ያለውን የአደጋ ጊዜ ስልክ መያዝ እንደሚገባ ተለማመድን። ጥቃትና ፍርሃት ያለበት ግንኙነት ከታወቀ፣ የጥንድ ሕክምናው እንዳይቀጥል ወይም እንዳይጀመር የሚያደርግ መሆኑም ተነገረን። ከዚህ ጋር ተያይዞ፣ በብዙ አገሮች የሙያ ፈቃድ የሚታየው ቴራፒስቱ ባለበት ሳይሆን ታካሚው ባለበት ቦታ መሆኑን አንድ ሙሉ ሰዓት ወስደው አስረድተውናል። ከተሳታፊዎቹ መካከል ይህን ሰምተው የደነገጡ ነበሩ።

በምስጢር አጠባበቅ በኩል ሕጉ ጠንካራ፣ አፈጻጸሙ ግን አንድ ጊዜ የተሰናከለ ነበር። ኬዝ በሚቀርብበት ሰዓት መቅረጽ የተከለከለ ነው፤ ሁላችንም የጆሮ ማዳመጫ እንድናደርግና በሩን እንድንዘጋ ተስማምተናል፤ የታካሚዎቹም ስም፣ ሥራና የልጆቻቸው ቁጥር ይለወጣል። በሰባተኛው ሳምንት ግን የሴሚናሩ ቀረጻ በራሱ እንዲቀጥል ተደርጎ ስለነበር፣ ኬዙ መቅረብ ከጀመረ በኋላ ቀዩን ምልክት ያየችው ከመካከላችን አንዷ ናት። መሪያችን ወዲያው አስቆሙት፤ ቀረጻው መጥፋቱንም በማግስቱ በጽሑፍ አረጋገጡልን። የተሰጠው ምላሽ ፈጣን ቢሆንም፣ የዚህ ዓይነቱ ነገር በሰው ትዝታ ላይ የሚተው ጥበቃ መሆን የለበትም፤ ሁለቱ ክፍሎች በሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ቢለዩ ችግሩ አይፈጠርም ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። በ18ኛው ሳምንት ማግስት ከአስተባባሪዎቹ ሁለት መስመር መልእክት ደረሰን፤ የቡድናችን መሪ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በሌላ ሰው እንደሚተኩና ለትዕግሥታችን ምስጋና እንደሚያቀርቡ የሚገልጽ ነበር። ምክንያት አልተሰጠም፤ መሰናበቻም አልነበረም። እኚህ ሰው ለ18 ሳምንታት በጣም የምናፍርባቸውን ስሕተቶቻችንን የሰሙ፣ እርስ በርሳችን ስንጣላ መካከል የገቡ ሰው ናቸው። መለያየትን፣ መተውን፣ ሳይሰናበቱ መሄድን በየዕለቱ ከታካሚዎቻችን ጋር የምንሠራ ሰዎች ነን። ታካሚዎቻችን ዕረፍት ስንወጣ እንኳ ከሳምንታት በፊት እንነግራቸዋለን። የሰው ሕይወት ድንገተኛ ነገር እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ምክንያቱ የግል ከሆነም እንዲነገረን አልጠይቅም። ቢሆንም ለ20 ደቂቃ ብቅ ብለው ለመሰናበት ባይመቻቸው እንኳ፣ በእሳቸው ስም የተጻፈ ጥቂት ቃል ማድረስ የሚያቅት አልነበረም። ቡድናችን ለሦስት ሳምንት ያህል ኬዝ ሲያቀርብ ቀዘቀዘ፤ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ቀሩ፤ አንዱ ካሜራቸውን ለመክፈት አልፈለጉም። አዲሷ መሪ የመጀመሪያውን ምሽት ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ማዋላቸው ብልህነት ነበር፤ እርሳቸው ያንን ባያደርጉ ቡድኑ የሚተርፍ አይመስለኝም።

ስለ ሰዓት አቆጣጠርም አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ መስሎ ብዙ የሚጎዳ ነውና። ተሳታፊዎቹ በተለያዩ የሰዓት ክልሎች የሚኖሩ ስለሆኑ አንዳንዶቹ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አንዳንዶቹ ከሙሉ ቀን ሥራ በኋላ በእኩለ ሌሊት ግድም ይገባሉ። አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፤ ሌሎቹ አይለውጡም፤ የሚለውጡትም በአንድ ቀን አይለውጡም። ከባልደረቦቼ አንዷ ኬዛቸውን የሚያቀርቡበት ተራ በዚህ ምክንያት አመለጣቸውና ልንወጣ ስንል ገቡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ለታካሚዎቻቸው ያላቸውን ኃላፊነት የሚያሳይ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅተው ነበርና። ተቋሙ ለውጡ በሚደርስበት ሳምንት የማስታወሻ መልእክት መላክ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የተከታተሉትን ሰዓት ብዛት ይዘረዝራል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ተሳታፊው ከዙም ጋር በተገናኘበት ደቂቃ ሲሆን፣ ለተቀረጹት ትምህርቶች ደግሞ አጭር ፈተና አለ። ሰዓቱ ለፈቃድ እድሳት ይቆጠር አይቆጠር የሚወስነው የየአገሩ ፈቃድ ሰጪ አካል ስለሆነ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ከዚያው አካል በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። አንዳንድ አካላት በቀጥታ የሚካሄደውን ብቻ ይቀበላሉ፤ የተቀረጸውን ይገድባሉ። ይህን ሳያጣሩ የገቡ ባልደረቦች ግማሽ ሰዓታቸው ሳይቆጠርላቸው ቀርቷል።

ለማን ይመቻል ለሚለው ያለኝ ግምት ይህ ነው። በግል ክሊኒክ ለብቻቸው የሚሠሩና በአቅራቢያቸው የጥንዶች ኬዝ የሚያወያይ ሰው የሌላቸው ባለሙያዎች ከሁሉ ይበልጥ ይጠቀማሉ፤ ብቸኝነት ለዚህ ሙያ አደገኛ ነው፣ ከጥንዶች ጋር ሲሆን ደግሞ ቴራፒስቱ ሳያውቀው ከአንዱ ጋር የመወገን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቢያንስ ሁለት ጥንዶች በመደበኛነት የማያይ ሰው ግን ቢቆይ ይሻለዋል፤ ኬዝ የሌለው ሰው በቡድኑ ውስጥ ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ ያም ለራሱም ለሌሎቹም ይከብዳል። በስሜት ላይ ያተኮረውን ሕክምና ወይም የባህርይ ዘዴን የሚከተሉ ሁለት ባልደረቦች በቡድናችን ነበሩ፤ መጀመሪያ በዝግታችን ቢሰላቹም፣ በኋላ ከሁላችንም ይበልጥ ጥያቄ የሚያነሡት እነርሱ ሆኑ።

ለመመዝገብ የምታስቡ ከሆነ ተቋሙን የምትጠይቁት ስለ መምህራኑ ዝና ሳይሆን ስለ ቡድኑ ይሁን። በአንድ ቡድን ስንት ሰው እንዳለ፣ መሪው ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ መሆኑን፣ ካልቆየ ምን እንደሚደረግ፣ የኬዝ ሰዓቱ ከሚቀረጸው ሰዓት በምን እንደሚለይ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ሰው ጥያቄውን ወዲያው ከተረዳው መልካም ምልክት ነው።

ትምህርቱ እንደተጠናቀቀ ስለ መሪያችን መለወጥ ለአስተባባሪዎቹ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፍሁ። መልሱ በአሥር ቀን ውስጥ ደረሰኝ፤ ስሕተታቸውን አምነው፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ መሪ ሲለወጥ ቢያንስ አንድ የመሰናበቻ ክፍለ ጊዜ እንዲኖር መወሰናቸውን ገልጸውልኛል። በዚህ መሠረት ለሁለተኛው ዓመት የቅዳሜ ንግግሮቹን ትቼ ለኬዝ ቡድኑ ብቻ ተመዝግቤአለሁ። ከስድስቱ አራታችን እንቀጥላለን፤ መሪያችንም አዲሷ ናቸው።